ኔትወርክ ሲያስቸግር ሲም ልቀይር?

ጥያቄ፦ ሱቄ ስታዲየም አካባቢ፣ ቤዝመንት ውስጥ ነው። ኔትወርኩ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ደንበኞቼም «ስልክህ ዝግ ነው» እያሉ አማረሩኝ። ወደ ሌላው ልዙር?

መልስ፦ ቆይ፣ አትቸኩል። ኮንክሪት ሲግናል ስለሚያዳክም ሌላውም እዚያ ላይሠራልህ ይችላል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ከኢትዮ ቴሌኮም ሌላ ሳፋሪኮምም ስላለ፣ ከጓደኛህ ሲም ተዋስና እዚያው ባንኮኒህ ላይ፣ ገበያ በሚደራበት ሰዓት ሞክረው፤ ደጅ ላይ ሙሉ ቢያሳይ ላንተ ምን ይረባሃል? ከሠራልህ ግዛ፣ ስልክህ ሁለት ሲም ከያዘ ደግሞ ሁለቱንም አስገባ። የድሮውን ግን እንዳትጥለው! የባንክ መልእክትህ የሚገባው በሱ ነው፣ ደንበኞችህም የሚያውቁት እሱን ነው። ካልሠራ፣ ሕንፃው ዋይፋይ ካለው በቴሌግራም ይደውሉልህ።