የቦርከና ጠጠር ለአሳ ገንዳ

አብሽር፣ ይሆናል። ከቦርከና ወንዝ ዳር የለቀምከው ጠጠር ተክል ላለበት አኳሪየም ይሆን እንደሆነ ነው የጠየቅከው። የዚያ አካባቢ ድንጋይ አብዛኛው ጥቁር ባዛልት (የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ስለሆነ ውሃውን አይለውጥም። የሚያሰጋው ነጣ ነጣ ያለው ነው። ደረቁ ጠጠር ላይ አቼቶ ጠብ አድርግና ጠጋ ብለህ እይ። አረፋ ካወጣ ኖራ አለበት፣ ውሃውን ያጠነክራል፤ ማለትም ማዕድን ያበዛበታል። ለቅመህ ጣለው።

መጠኑ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ይሁን። ትልልቅ ከሆነ ሥር አይይዝም፣ የምግብ ፍርፋሪም መሃሉ ገብቶ ይበሰብሳል። በባልዲ እየከፈልክ እጠበው። ሳሙና እንዳታስነካው! እኔ መጀመሪያ ሦስቴ አጥቤ "በቃ ጠራ" ብዬ ከተትኩት፤ ገንዳው ሁለት ቀን ሙሉ ሻይ በወተት መስሎ ከረመ። ውሃው ኩልል እስኪል ነው የሚታጠበው። በመጨረሻ የፈላ ውሃ ቸልስበትና ይቀዝቅዝ።

ከፊት 5፣ ከኋላ 7 ሴንቲ ሜትር አድርገህ አንጥፍ። ጠጠሩ ላይ ሳህን አስቀምጠህ ውሃውን እሱ ላይ ቀስ ብለህ አፍስስ፣ አይደፈርስም።

ጠጠር ብቻውን ለተክል ምግብ የለውም። ቫሊስኔሪያ (ረጅም ቅጠል ያለው የውሃ ውስጥ ተክል) ከሆነ ሥሩ አጠገብ የአኳሪየም ማዳበሪያ እንክብል ቅበርለት። የማሳ ዩሪያ ግን በፍጹም፤ አሞኒያ ይሆንና አሳዎቹን ይጨርስብሃል።