ሳላየው የሰደብኩት ፊልም

ሰሞኑን ፊልም የምትማር አንዲት ልጅ ጠየቀችኝ። «ጋሼ፣ ኦስካር የወሰደ ዳይሬክተር በቀጣዩ ፊልሙ እንዴት እንደዚያ ይወድቃል?» ማይክል ቺሚኖን ማለቷ ነው። «ጥጋብ ነው ልጄ» አልኳትና ወደ ቤቴ ሄድኩ። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ነገሩን ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው። ቺሚኖ «ዘ ዲር ሀንተር» የተባለው ፊልሙ በ1979 አምስት ኦስካር ወሰደለት። ወዲያው «ሄቨንስ ጌት» የሚባል ካውቦይ ፊልም ሊሠራ ሞንታና ገባ። ታሪኩ በ1892 ዋዮሚንግ ውስጥ ባለ ከብት ሀብታሞች በስደተኛ ገበሬዎች ላይ የዘመቱበት ነው። ሰውየው ገብቶ አልወጣ አለ። ለቀረጻ የተሠራውን ሰፈር «መንገዱ ጠበበ» ብሎ ግራና ቀኙን አስፈርሶ እንደገና አሠራ ይባላል። 12 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የተያዘለት ፊልም 44 ሚሊዮን ገደማ በላ። ኅዳር 1980 ኒውዮርክ ላይ 3 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ሆኖ ቀረበ። ተቺዎች ወረዱበት። በሳምንቱ ከሲኒማ ተነሳ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1981፣ ወደ 149 ደቂቃ ቆርጠው መለሱት፣ ያም አላዳነውም። ፊልሙን ያሠራው ኩባንያ ዩናይትድ አርቲስትስም ኤምጂኤም ለሚባል ሌላ የፊልም ኩባንያ ተሸጠ።

ይህን ሁሉ ያወቅኩት ከመጽሔት ነው። እኔ «አክተር አይሞትም» እያልኩ ያደግኩ ሰው ነኝ። ከሲኒማ ስንወጣ አውራ ጣታችንን ቀበቷችን ውስጥ ሰክተን ነበር የምንራመደው። አክተሩ የሚሸነፍበትን ካውቦይ ለማየት ምን አስቸኮለኝ?

በካሴት ዘመን ኤዲተር ሳለሁ አንድ ልጅ የመጀመሪያ ፊልሙን አመጣልኝ። ወደ ሦስት ሰዓት ይጠጋል። ውስጡ አንዲት እናት አለች። የልጇን መርዶ ሰምታ ቡና ትቆላለች። ቡናውን ታጥባለች፣ ምጣዱን ትጥዳለች፣ ታምሳለች። አራት ደቂቃ ሙሉ ቃል አይወጣትም። ቡናው ሲንጣጣ ብቻ ነው የሚሰማው።

ፕሮዲውሰሩ ከኋላዬ ሰዓቱን ያያል። እኔ ወደ ልጁ ዞር ብዬ «አንተ ቺሚኖ ነህ እንዴ?» አልኩት። «ማነው እሱ?» አለኝ። «ኩባንያ ያከሰረ ሰው ነው፤ ፊልሙ ቆሻሻ ነው» አልኩ። ሳላየው! ፕሮዲውሰሩ ሳቀ። ልጁም አብሮ ለመሳቅ ሞከረ። አራቱን ደቂቃ 20 ሰከንድ አደረግኩት። ምጣድ፣ ጭስ፣ ቀጣይ። «እሺ ጋሼ» ብቻ ነው ያለኝ።

ቺሚኖን ያየሁት ካረጀሁ በኋላ ነው። ረጅሙን ቅጂ አድሰው በ2012 ቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ላይ አሳይተውት ነበር። ቨርጂኒያ፣ የወንድሜ ልጅ ቤት ሶፋ ላይ ተጋድሜ ከፈትኩት። አንድ ቦታ ላይ ስደተኞቹ አዳራሽ ውስጥ ይሰበሰባሉ። አንድ ወጣት ከሥሩ ተሽከርካሪ ጎማ ያለው ጫማ (ሮለር ስኬት) አድርጎ ቫዮሊኑን እየመታ አዳራሹን ይዞራል። ታሪኩ አንድ እርምጃ አይሄድም። እኔ ግን ተነስቼ ተቀመጥኩ። ያቺ እናት ምጣዷን ይዛ ትዝ አለችኝ።

እናንተ ደግሞ ባሰባችሁ። ፊልሙን በአስር ደቂቃ የሚተርክላችሁን ዩቲዩብ ከፍታችሁ «አየሁት» ትላላችሁ። ለነገሩ እኔ ያችን አስር ደቂቃም አላየሁም ነበር። ደግሞ እውነቱን ካወራን፣ መጀመሪያ ላይ ያለውን የሃርቫርድ ምርቃትና ዳንስ መቀስ ቢሰጡኝ ዛሬም እቆርጠዋለሁ። ጥጋብ ነው ያልኩትንም አላነሳም።

ያ ልጅ ሁለተኛ ፊልም አልሠራም። በእኔ ምክንያት ነው አልልም፤ ገንዘብም ቸግሮት ነበር። ከዓመት በኋላ ግን መጥቶ «ጋሼ፣ ያ የቡናው ጥሬ ቀረጻ አለ?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ካሴት ውድ ነበር። በላዩ ላይ የሰው ሠርግ ቀድተንበታል።