ፊውዙ ለምን ተቃጠለ?

ጠያቂያችን፣ የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተመራቂ ነዎት። ለፓወር ሰፕላይ ዲዛይን ሥራ ቃለ መጠይቅ ቀርበው «መሣሪያው ገና ሲበራ ፊውዝ ያቃጥላል፤ ምን ያደርጋሉ?» ሲባሉ «ከፍ ያለ ፊውዝ አስገባለሁ» ብለው ወደቁ። ሌላ ኮርስ ልውሰድ ወይ ይላሉ። አይውሰዱ። ይህችን ጥያቄ እስከ ሥሯ ይያዟት።

ባዶ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ዕቃ) በበራበት ቅጽበት ከሾርት አይለይም። የ230 ቮልት መስመር ጫፉ 325 ቮልት ነው። ተለዋዋጩን ኮረንት ወደ ቀጥተኛ (ዲሲ) ከሚቀይረው ዲዮድ ብሪጅ ቀጥሎ 220 ማይክሮፋራድ ካለና የመንገዱ ጠቅላላ ሬዚስታንስ 1 ኦም ከሆነ፣ ቮልቴጁ ጫፍ ላይ ሳለ ቢበራ ኮረንቱ ወደ 325 አምፔር ሊጠጋ ይችላል። የሚቆየው 1 ሚሊሰከንድ ገደማ ቢሆንም ፊውዝ ያቀልጣል፤ የማብሪያውን መገናኛም ይበይዳል። ፊውዙን ማሳደግ ጉዳቱን ወደ ዲዮዱ ከማዛወር ያለፈ ነገር አያደርግም።

10 ኦም ኤንቲሲ ቴርሚስተር (ሲግል ሬዚስታንሱ የሚወርድ ሬዚስተር) በተከታታይ ቢገባ ያው ኮረንት ወደ 30 አምፔር ይወርዳል። በኦሙ ብቻ ግን አይምረጡት። ካፓሲተሩ ሲሞላ 12 ጁል ገደማ እዚያው ላይ ይቃጠላል፤ ያንን መሸከሙን ከዳታሺቱ (ከአምራቹ መግለጫ ሰነድ) ያረጋግጡ።

አብዛኛው ተፈታኝ የሚስተው ቀጥሎ ያለውን ነው። ኤንቲሲ ሲሠራ ይግላል፣ ሬዚስታንሱም እጅግ ይወርዳል። መብራት ሁለት ሰከንድ ጠፍቶ ቢመለስ ካፓሲተሩ ባዶ፣ ኤንቲሲው ግን ገና ትኩስ ነው፤ መከላከያ የለም ማለት ነው። ስለዚህ ካፓሲተሩ ከሞላ በኋላ ሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚዘጋ ማብሪያ) ኤንቲሲውን አልፎ ያገናኛል፣ እሱም ይቀዘቅዛል። በኤንቲሲው ፈንታ ቋሚ ሬዚስተር ከተጠቀሙ ጭነቱ ሪሌዩ ከመዘጋቱ በፊት እንዳይነሳ ያድርጉ፤ በ10 ኦም ላይ 2 አምፔር ቢያልፍ 40 ዋት ነው።

አሁን ይሥሩት፣ ግን በመስመር ቮልቴጅ ላይ አይደለም። 24 ቮልት ዲሲ፣ 1000 ማይክሮፋራድ፣ በጌቱ (በመቆጣጠሪያ እግሩ) በኩል በዝግታ የሚከፈት ፒ-ቻናል ሞስፌት (እንደ ማብሪያ የሚያገለግል ትራንዚስተር) ይበቃል። በ10 ሚሊሰከንድ እኩል እየጨመረ ቢሞላ 2.4 አምፔር ይወስዳል። በግራውንድ በኩል 0.1 ኦም አስገብተው ኦሲሎስኮፑን በሲንግል ትሪገር (አንድ ጊዜ ቀርጾ እንዲቆም) ያቁሙ፤ 240 ሚሊቮልት ማየት አለብዎት። የቤተ ሙከራ ፓወር ሰፕላይ የራሱ የኮረንት ገደብ ስላለው እውነተኛውን የመነሻ ኮረንት ይደብቃል፤ መውጫው ላይ 10,000 ማይክሮፋራድ ይጨምሩለት። ሞስፌቱ እየተከፈተ ሳለ ስለሚግል የ10 ሚሊሰከንዱን መስመር ከዳታሺቱ የደኅንነት ክልል (SOA) ግራፍ ላይ ያስተያዩ።

ሲቪዎ ላይ «ፓወር ኤሌክትሮኒክስ አውቃለሁ» የሚለውን ይሰርዙና እነዚህን ቁጥሮች፣ ሞስፌቱ ከመግባቱ በፊትና በኋላ ከለኩት ጋር፣ ይጻፉ።

ጥያቄው ዳግም ሲመጣ በመጀመሪያ መስመሩን ነቅለው፣ ካፓሲተሩ ባዶ መሆኑን ለክተው፣ ብሪጁና ዋናው ሞስፌት ሾርት አለማድረጋቸውን በመልቲሜትር እንደሚያዩ ይናገሩ። ከዚያ መልሰው ይጠይቁ፦ የሚያቃጥለው ቀዝቅዞ ሲነሳ ነው ወይስ ጠፍቶ ወዲያው ሲበራ?