የወንድምና የእህት ትምህርት የኢኮኖሚክስ ጥያቄ ነው

ውድ እህቴ፣

ከጅማ ዩኒቨርሲቲ የላክሽልኝን ደብዳቤ ደጋግሜ አነበብኩት። የኢኮኖሚክስ ተመራቂ ተማሪ ነሽ። ወንድምሽ ከተማ ቤት ተከራይተውለት ሁለተኛ ደረጃ ሲማር፣ አንቺ በቡና ለቀማ ሰሞን እየቀረሽ፣ አንዱን ዓመት ጭራሽ አቋርጠሽ ነው እዚህ የደረስሽው። የመመረቂያ ጽሑፍሽን በዚሁ ጉዳይ ላይ ለመሥራት አስበሻል። ጓደኞችሽ «ይሄማ ሶሲዮሎጂ ነው» ይሉሻል፤ አባትሽ ባንክ ግቢ ይላሉ። በዚህ እንጀራ ይበላል ወይ? የራሴን ቤት ጉዳይ ማጥናትስ ያስነቅፈኛል ወይ? ብለሻል።

ለጓደኞችሽ የሚሰጠው መልስ አጭር ነው። ኢኮኖሚስቱ ጋሪ ቤከር አድልዎን በኢኮኖሚክስ ዓይን መርምሮ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1957 ነው፤ በ1992 ደግሞ ኖቤል ተሸልሟል። ክላውዲያ ጎልዲን በ2023 ይህንኑ ሽልማት ያገኙት ሴቶች በሥራ ገበያ ያለፉበትን መንገድና የገቢያቸውን ልዩነት በማጥናታቸው ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አሁን ጥያቄውን ወደ ቤትሽ እናምጣው። አባትሽ ወንድምሽን ለምን አስቀደሙ? ምናልባት ገንዘቡ የበቃው ለአንድ ልጅ ብቻ ነበር። ምናልባት «ሴት ልጅ ባል ቤት ሂያጅ ናት፤ የሚጦረኝ ወንዱ ነው» ብለው አስልተዋል። ወይም ደግሞ ገንዘብ ቢተርፍ፣ አንቺም እኩል እንደምትጦሪያቸው ቢያውቁ እንኳ፣ ልባቸው ወደ ወንዱ ያደላል። ከውጭ ለሚያይ ሦስቱም አንድ ናቸው፤ ልጅቷ ከትምህርት ቀረች። መፍትሔያቸው ግን ለየቅል ነው። ችግሩ ገንዘብ ከሆነ የቤት ኪራይና የደብተር ድጋፍ ብዙ ያቃልላል። ስሌት ከሆነ የተማሩ ሴቶች ሥራ ይዘው ወላጅ ሲረዱ መታየቱ ስሌቱን ይቀይረዋል። ማድላት ከሆነ ግን የጨመርሽው ብር ተመልሶ ለወንዱ ይሄዳል። እነዚህን መለየት የተመራማሪው ሥራ ነው፤ ለእኔ የዚህ ሙያ ከባዱም ውቡም ክፍል ይሄ ነው።

ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አትሂጂ። ከ2005 ጀምሮ የጅማ ዩኒቨርሲቲና የአሜሪካው ብራውን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በጅማ ከተማ፣ ሰርቦ፣ የቡና ሸኪ በሚባሉት ትንንሽ ከተሞችና በአካባቢው ገጠር የሚኖሩ ከ13 እስከ 17 ዓመት የሆናቸውን ሁለት ሺህ ያህል ልጆች ለዓመታት ተከታትለዋል። የቤቱን ኃላፊ ጠይቀው ብቻ አልተመለሱም፤ ልጆቹንም ራሳቸውን ጠየቁ። በተመሳሳይ ችግር ውስጥ ባሉ ቤቶች ሴቶቹ ከወንዶቹ ይልቅ ምግብ እንደሚያጥራቸው ተናገሩ፤ ልዩነቱም ችግር በጸናባቸው ቤቶች ባሰ። ከዚሁ ጥናት የምግብ እጦት ከትምህርት ገበታ ከመቅረት ጋር እንደሚያያዝም ታይቷል። አባወራው ብቻ ተጠይቆ ቢሆን ኖሮ ቤቱ «ችግረኛ» ተብሎ ይመዘገብና የልጅቷ ድርሻ ተሸፍኖ ይቀር ነበር። ይህን ጥናት ከሁሉ አስቀድመሽ አንብቢው።

ለመመረቂያ ጽሑፍሽ የምመክርሽ ከባድ ወጪ የሌለው ሥራ ነው። የስታቲስቲክስ አገልግሎት ከዓለም ባንክ ጋር በየጊዜው የሚያካሂደው የቤተሰብ ጥናት ዳታ ተመዝግበሽ በነፃ የምታወርጂው ነው። የእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል ዕድሜ፣ ጾታና ትምህርት አለበት። ስለዚህ እህትና ወንድምን በአንድ ጣሪያ ሥር ማወዳደር ትችያለሽ፤ ድህነቱም፣ የትምህርት ቤቱ ርቀትም፣ የወላጆች መማር አለመማርም ለሁለቱ አንድ ስለሆነ ልዩነቱን በእነዚህ ማመካኘት አይቻልም። አንድ ወጥመድ ግን አለ። በልጅነቷ የተዳረች ሴት ከቤቱ መዝገብ ላይ የለችም! ከሁሉ የተጎዳችው ከዳታው ጠፍታ፣ የቀሩት ሴቶች ደህና የተማሩ ይመስላሉ። ስለዚህ ከጋብቻ ዕድሜ በፊት ባሉት ልጆች ላይ አተኩሪ። ስታታ የሚባለውን የዳታ መተንተኛ ሶፍትዌር መግዛት ካቃተሽ አር (R) የሚባለው በነፃ ይገኛል።

ወደ እንጀራው ልምጣ። በዚህ መስክ ጀማሪ የሚገባው ብዙ ጊዜ በዳታ ሰብሳቢነት ነው፤ ከዚያ ሱፐርቫይዘር፣ ቀጥሎ ረዳት ተመራማሪ፣ ከዚያ ማስተርስ። የፖሊሲ ጥናት ኢንስቲትዩት፣ የኢትዮጵያ ኢኮኖሚክስ ማኅበር፣ የስታቲስቲክስ አገልግሎትና ዩኒቨርሲቲዎች ይህን ችሎታ ይፈልጋሉ። አፋን ኦሮሞና አማርኛ አቀላጥፈሽ መናገርሽን በሲቪሽ ላይ ከላይ ጻፊው፤ ጅማ ዙሪያ መስክ የሚወርድ ቡድን ያለዚያ አይንቀሳቀስም። ሥራው ግን በኮንትራት ስለሆነ በመካከል ባዶ ወራት አሉት። ስለዚህ የባንኩ ዕድል ከመጣ አትግፊው። አባትሽንም በዚህ ማሳረፍ ትችያለሽ፤ ማታ ማታ ግን ዳታውን አትልቀቂ፤ ከእጅ የወጣ ስታቲስቲክስ ለመመለስ ያስቸግራል።

የራስን ቤት ጉዳይ ማጥናት አያስነቅፍም። ከምታወርጂው ዳታ በተጨማሪ የራስሽን መጠይቅ ይዘሽ ከወጣሽ ቤተሰብሽንና ዘመዶችሽን ናሙና ውስጥ አታስገቢ፣ ውጤቱ ካሰብሽው ውጭ ቢወጣም እንዳለ ጻፊው። የኖርሽው ሕይወት የሚጠቅምሽ መጠይቅ ስታዘጋጂ ነው። «ልጅቷ ትምህርት ቤት ተመዝግባለች?» ብለሽ ብትጠይቂ የአንቺም እናት ያኔ «አዎ» ይሉ ነበር። «ባለፈው ሳምንት ስንት ቀን ቀረች? ወንድሟስ?» ብለሽ ጠይቂ። ጊዜውንም ምረጪ፤ ለቀማው በተጧጧፈበት በኅዳር የሚገኘው መልስ በመጋቢት አይገኝም። የዩኒቨርሲቲው ፕሮግራም መጋቢት ላይ ከጣለሽ፣ ስለ ለቀማው ሰሞን ለብቻው አንድ ጥያቄ ጨምሪ፤ መልሱንም ከትምህርት ቤቱ የስም መጥሪያ ጋር አመሳክሪው።