መርፌ መውጋት የነርስ ሥራ አይደለም ወይ?

እህቴ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ከጅማ ዩኒቨርሲቲ የአምስት ዓመቱን የፋርማሲ ትምህርት ጨርሰሽ በዲቪ ሜሪላንድ ገብተሻል፤ አሁን ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኝ ፋርማሲ በቴክኒሻንነት ትሠሪያለሽ። አለቃሽ የክትባት ሥልጠና እንድትወስጂ ጠይቃሻለች። አንቺ ግን «መርፌ መውጋት የነርስ ሥራ አይደለም ወይ? ለዚህ ነው ያን ያህል የተማርኩት? እጄ ቢንቀጠቀጥስ?» እያልሽ መልስ ሳትሰጫት ቆይተሻል። ባለቤትሽ ደግሞ «ከዚህ ሁሉ ነርሲንግ ተማሪ» ይልሻል።

መልሴን አላቆይብሽም፤ ሥልጠናውን ውሰጂ። በዚያው ሳምንት ግን የትምህርት ማስረጃሽን ጠይቀሽ ለጅማ ሬጅስትራርም ጻፊ። የመጀመሪያውን ብቻ አድርገሽ ሁለተኛውን ከተውሽው፣ ከዓመታት በኋላም እዚያው ባንኮኒ ላይ ክኒን ስትቆጥሪ እንዳላገኝሽ እሰጋለሁ።

«የነርስ ሥራ ነው» ያልሽው አገር ቤት ላደገ ሰው እንግዳ አባባል አይደለም። እኛ ዘንድ ክትባት የሚሰጠው ጤና ጣቢያና ጤና ኬላ ነው፤ ሰጪዎቹም ነርሶችና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ነገሩ ከተለወጠ ግን ሠላሳ ዓመት አልፎታል። በዋሽንግተን ስቴት ፋርማሲስቶች ለክትባት መሠልጠን የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። የአሜሪካ ፋርማሲስቶች ማኅበር በ1996 የራሱን የምስክር ወረቀት ሥልጠና አወጣ፤ በ2009 ደግሞ ሃምሳዎቹም ስቴቶች ፋርማሲስቱ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት እንዲሰጥ ፈቅደው ነበር። ለቴክኒሻኖች በሩን ቀድማ የከፈተችው አይዳሆ ናት፣ በ2017። ከዚያ ኮቪድ መጣና በኦክቶበር 2020 የፌዴራሉ መንግሥት በፋርማሲስት ቁጥጥር ሥር የሚሠሩ የሠለጠኑ ቴክኒሻኖች እንዲከትቡ በመላ አገሪቱ ፈቀደ። ስለዚህ አለቃሽ የጠየቀችሽ ከሙያሽ ዝቅ እንድትዪ አይደለም። ፋርማሲስቱም የሚሠራውን ሥራ ነው።

ስለ እጅሽ መንቀጥቀጥ እንነጋገር። ሥልጠናው ላይ እርስ በርስ የጨው ውሃ መወጋጋት የተለመደ ነው፤ ያን ቀን ሁሉም ይንቀጠቀጣል። ሰው የሚጎዳው ግን በመንቀጥቀጥ ሳይሆን ቦታ በመሳት ነው። የሚከተበውን ሰው አስቀምጪው፤ አንቺም ተቀመጪ። ቆመሽ ከላይ ከወጋሽ መርፌው ሳታውቂው ከፍ ብሎ የትከሻ መገጣጠሚያው ጋ ሊያርፍ ይችላል፤ ይህም ለወራት የሚዘልቅ ሕመምና ክንድ ለማንሳት መቸገር ያስከትላል። እጅጌውን ከአንገት በኩል ጎትቶ ትከሻ ማውጣትም ወደዚሁ ስሕተት ይመራል፤ ከታች ይጠቅለል፤ ካልሆነም እጁን ከእጅጌው ያውጣ። የትከሻውን ጫፍ አጥንት በጣትሽ ፈልጊ፣ ከዚያ ሁለት ወይም ሦስት ጣት ያህል ውረጂ፣ ጡንቻው ወፍራም የሆነበት መሃል ላይ ቀጥ አድርገሽ አስገቢ። በቃ። አንዴ ከተለማመድሽው ከሰከንዶች አያልፍም። ከተከተቡ በኋላ ወዲያው ብድግ የሚሉ ወጣቶችን ነው መፍራት ያለብሽ፤ ራሳቸውን የሚስቱት እነሱ ናቸው። አሥራ አምስት ደቂቃ ይቀመጡ።

ከመርፌው ይልቅ ልብ እንድትዪ የምፈልገው ከመርፌው በፊት ያለውን ጥያቄ ነው። ቴክኒሻን ትወጋለች፤ ክትባቱ ለዚህ ሰው ይገባዋል ወይስ አይገባውም የሚለውን የሚወስነው ግን ፋርማሲስቱ ነው። ነፍሰ ጡር ናት? የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክመውን ፕሬድኒሶሎን በከፍተኛ መጠን ይወስዳል? የካንሰር ሕክምና ላይ ነው? እነዚህ ሰዎች እንደ ኩፍኝ ክትባት ያሉትን ሕያው ክትባቶች (የተዳከመ ግን ያልሞተ ተሕዋስ ያለባቸውን) ለምን እንደማይወስዱ ጅማ ተምረሽዋል። ፋርማሲስቱ ሲጠይቅ ጆሮሽን ጣል አድርጊ፤ «ለምን እምቢ አልካቸው?» ብለሽ ጠይቂ። ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው እናት መጥተው አልማዝ ባለጭራ አንዴ ይዟቸው እንደነበረና ክትባቱ አሁንም ያስፈልጋቸው እንደሆነ በአማርኛ ሲጠይቁሽ፣ ለፋርማሲስቱ አስረድተሽ መልሱን ታደርሺላቸዋለሽ። መልሱ አዎ ነው፣ ሁለት ጊዜ፣ ከሁለት እስከ ስድስት ወር ልዩነት። እንዲህ ያለውን ቀን የምታሳልፊው ነገ ፋርማሲስት ሆነሽ ወንበሩ ላይ ስትቀመጪ ይጠቅመኛል ብለሽ ከሆነ፣ ሥልጠናው የትም የማታገኚው ልምምድ ነው።

አሁን ወደ ሬጅስትራሩ። በውጭ አገር የተማረ ፋርማሲስት መጀመሪያ የብሔራዊ የፋርማሲ ቦርዶች ማኅበር የሚሰጠውን የምስክር ወረቀት ማግኘት አለበት፤ ለዚህም ኤፍፒጂኢኢ የተባለውን የውጭ አገር የፋርማሲ ምሩቃን ፈተናና የእንግሊዝኛ ፈተናውን ቶፍልን ማለፍ ይጠበቅበታል። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2003 በኋላ የተመረቀ ሰው ትምህርቱ ቢያንስ የአምስት ዓመት መሆን አለበት። ካንቺ በፊት በአራት ዓመት የተመረቁ ስንት ጎበዞች እዚህ ግድግዳ ላይ ቆመው ቀሩ መሰለሽ! አንቺ አልፈሽዋል። ከዚያ በኋላ በፋርማሲስት ሥር የሚሠራ የልምምድ (የኢንተርን) ሰዓት፣ ናፕሌክስ የተባለው የፋርማሲስት ፈቃድ ፈተናና የስቴቱ የሕግ ፈተና ይቀራሉ፤ ሰዓቱ ከስቴት ስቴት ስለሚለያይ የሜሪላንድን ቦርድ ጠይቂ። በእኔ እይታ ሰው የሚሸነፈው በፈተናው ሳይሆን በወረቀቱ ነው። የትምህርት ማስረጃው ከዩኒቨርሲቲው በቀጥታ፣ በታሸገ ፖስታ ወይም ዩኒቨርሲቲው ራሱ በሚልክበት መንገድ እንዲደርስ ስለሚፈለግ፣ እጅሽ ላይ ያለው ቅጂ አያገለግልሽም። ጅማ የቀረ የክፍል ጓደኛ ካለሽ በውክልና ቢሮ ለቢሮ ይሂድልሽ፤ ኢሜይል ብቻ ልከሽ አትጠብቂ። ቶፍል ላይ ደግሞ የንግግሩን ክፍል አትናቂው፤ እንግሊዝኛ እናውቃለን የሚሉትን የሚጥላቸው እሱ ነው። ቀኑን ሙሉ በባንኮኒ ላይ ከደንበኛ ጋር ማውራትሽ እዚህ ላይ ዋጋ አለው።

ባለቤትሽን አክብሬ አልስማማም። ነርሲንግ ድንቅ ሙያ ነው፤ ነርስ መሆን ለሚፈልግ። አንቺ ግን በደብዳቤሽ ውስጥ አንድም ቦታ እፈልገዋለሁ አላልሽም።

የሚያጋጥምሽን ደግሞ አልደብቅሽም። ከሴፕቴምበር እስከ ኖቬምበር የኢንፍሉዌንዛና የኮቪድ ክትባት ፈላጊ ይሰለፋል፣ ስልኩ ይጮኻል፣ በመኪና መስኮት የሚጠብቀው ጥሩምባ ይነፋል፤ ለሁሉም የምትደርሺው ያው አንቺ ነሽ። እ.ኤ.አ. በ2023 መጸው የካንሳስ ሲቲ ፋርማሲስቶች ሥራ ያቆሙበት አንዱ ምክንያት ይኸው የሥራ ጫና ነበር። ስለዚህ ከመፈረምሽ በፊት አለቃሽን በግልጽ ጠይቂያት፦ የሥልጠናው ሰዓት ይከፈላል? ከሥልጠናው በኋላ የሰዓት ክፍያዬ በስንት ይጨምራል? በክትባት ሰዓት ባንኮኒውን የሚይዝ ሌላ ሰው አለ? ለሦስተኛው «እናያለን» ካለችሽ፣ ቀጠሮ በሰዓት ስንት እንደሚያዝ ጠይቂ። የሲፒአር (ልቡ የቆመን ሰው የመርዳት) ሥልጠናውንም ማን እንደሚከፍልልሽ አረጋግጪ።

አንድ ነገር ቀረ። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ጨርሰሽ ካልወሰድሽ፣ በመርፌ ሥራ ላይ የሚመድብሽ ቀጣሪ በአሥር የሥራ ቀናት ውስጥ ክትባቱን በነጻ ሊያቀርብልሽ በፌዴራል ሕግ ይገደዳል። እስኪያቀርብልሽ አትጠብቂ፤ ራስሽ ጠይቂ።