ጅማ ውስጥ የሌለ ጋዝ ሪፖርቱ ላይ ከየት መጣ?

ጥያቄ፦ ጅማ ላይ ለሚሠራ ባለ 60 ክፍል ሆቴል በኦፕንስቱዲዮ ሞዴል ሠርቼ በኢነርጂፕላስ አስልቻለሁ (ሁለቱም የሕንፃን የኃይል ፍጆታ ማስያ ሶፍትዌሮች ናቸው)። ውሃው የሚሞቀው በኤሌክትሪክ ነው፤ ማዕድ ቤቱ የሚሠራው በቡታጋዝ ነው። የዓመቱ ማጠቃለያ ሠንጠረዥ ግን «ናቹራል ጋዝ» ሥር ትልቅ ቁጥር አሳየኝ። በሞዴሉ ውስጥ የውሃ ማሞቂያውን ወደ ኤሌክትሪክ ብቀይረውም ቁጥሩ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ገምጋሚዎቹም ፋይሉን መለሱልኝ። ምኑን ላስተካክል? (መሐንዲስ፣ ከሂርማታ)

መልስ፦ «ናቹራል ጋዝ» ማለት በቧንቧ የሚመጣ የተፈጥሮ ጋዝ ነው፤ ጅማ የቧንቧ ጋዝ ስለሌላት ያ ዓምድ ዜሮ መሆን አለበት። ምንም ነገር ከመንካትዎ በፊት ቁጥሩ በየትኛው ረድፍ እንዳለ ይዩ። «ዋተር ሲስተምስ» ላይ ከሆነ ጥፋቱ የውሃ ማሞቂያው ነው፤ «ኢንቲሪየር ኢኩዊፕመንት» ላይ ከሆነ የማዕድ ቤቱ ነው። «ሂቲንግ» ላይ ከታየ ደግሞ የሶፍትዌሩ አብነት (ቴምፕሌት) ሳይጠይቅዎ የጨመረው የክፍል ማሞቂያ አለ፤ በጅማ አየር ብዙ ሆቴል ስለማያስፈልገው፣ በዲዛይኑ ከሌለ ያውጡት።

ኦፕንስቱዲዮ አዲስ የውሃ ማሞቂያ ሲጨምሩበት ነዳጁን ናቹራል ጋዝ፣ ብቃቱን (ከሚፈጀው ነዳጅ ወደ ውሃው የሚገባውን የሙቀት ድርሻ) 0.8 አድርጎ ይሰጥዎታል። ብዙዎች ነዳጁን ቀይረው ብቃቱን ይረሱታል። ይሄኛው ስህተት ከመጀመሪያው ይብሳል፤ ዓምዱ ትክክል ስለሚመስል ማንም አያየውም። ለአንድ ክፍል በቀን 100 ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ቢሞቅ፣ 60ውም ክፍል ዓመቱን ሙሉ ተይዞ ሲታሰብ፣ ውሃው የሚፈልገው 367 ጊጋጁል ገደማ ነው። በ0.8 ሲካፈል 458 ይሆናል። ልዩነቱ ወደ 25,500 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ፣ በእውን የማይፈጅ ኤሌክትሪክ ነው። ለኤሌክትሪክ ማሞቂያ ብቃቱን 1.0 ያድርጉ፤ የበርሜሉን ሙቀት ብክነት ሶፍትዌሩ ለብቻው ያሰላዋል።

ከዚያ በኋላም ጥቂት ጋዝ ከቀረ፣ እዚያው ማሞቂያ ላይ «ኦፍ ሳይክል ፓራሲቲክ ፊውል ታይፕ» የሚለውን ይፈልጉ። ማሞቂያው ሳይሠራ የምትነደው የመለኮሻ እሳት ናት፤ መነሻዋ 20 ዋት ሆኖ ነዳጇ አሁንም ጋዝ ነው። 20 ዋት በዓመት ቢበዛ 0.63 ጊጋጁል ነውና፣ የቀረው ቁጥር ከዚህ ትንሽ ካነሰ ሌላ ቦታ አይድከሙ። ዋቱን ዜሮ ያድርጉ፤ የ«ኦን ሳይክሉን» ነዳጅም አብረው ይቀይሩ።

ማዕድ ቤቱን «ጋዝ ኢኩዊፕመንት» ብለው ካስገቡት ነዳጁን መቀየር አይችሉም፤ ያ ዕቃ ምንጊዜም የሚመዘገበው በናቹራል ጋዝ ነው። ይሰርዙትና በ«አዘር ኢኩዊፕመንት» ይተኩት፤ ነዳጁን «ፕሮፔን» ይበሉ። ዋቱን፣ የሥራ ሰዓቱንና ወደ ክፍሉ የሚገባውን የሙቀት ድርሻ ካሮጌው መገልበጥዎን አይርሱ፤ አለዚያ የማዕድ ቤቱ ሙቀት በሞዴሉ ውስጥ ይዛባል። በማገዶ የሚጋገር እንጀራ ካለ «አዘር ፊውል 1» ይሁን። ውጤቱን ከሲሊንደር ግዢ ጋር ለማመሳከር 1 ጊጋጁል ፕሮፔን 20 ኪሎ ገደማ ነው ብለው ያስሉ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ገምጋሚዎች ብዙ ጊዜ የሚጣሉበት እዚህ ላይ ነው። «ሶርስ ኢነርጂ» (ኃይሉን ለማመንጨትና ለማድረስ የሚፈጀውንም የሚጨምር) የሚለው ሠንጠረዥ ኤሌክትሪክን በ3.167፣ ጋዝን በ1.084 ያባዛል። ቁጥሮቹ የአሜሪካ ናቸው። የኛ ኤሌክትሪክ በአብዛኛው ከውሃ የሚመነጭ ነው፤ ግልገል ጊቤም ከጅማ ሩቅ አይደለም። ስለዚህ «ሳይት ኢነርጂ»ውን (ሕንፃው ራሱ የፈጀውን) ያቅርቡ፤ «ሶርስ» ግድ ከሆነ የትኛውን ማባዣ እንደሚቀበሉ ገምጋሚዎቹን በጽሑፍ ጠይቀው በ«ፊውል ፋክተርስ» ያስገቡ። በራስዎ ግምት አይሙሉት።

ጥያቄ፦ ከጓደኛዬ የወሰድኩት የቆየ ፋይል «ጋዝ» እና «ፊውል ኦይል ቁጥር 2» የሚሉትን ስሞች አልቀበልም ብሎ ይቆማል።

መልስ፦ በአዲሶቹ እትሞች የነዳጅ ስሞች ተለውጠዋል። ስሞቹን በእጅ አይተኩ፤ አንዱን ሲያርሙ በሌላ ዕቃ ውስጥ ያለው ይቀራል። ከኢነርጂፕላስ ጋር የሚመጣውን የእትም ማሻሻያ ፕሮግራም ይክፈቱ፣ የፋይሉን ቅጂ ይስጡት፣ እትም በእትም ያሳድገዋል። ጨርሶም ከቆመ የስህተት ፋይሉን ከላይ ወደ ታች ያንብቡ፤ መጀመሪያ «ሲቪር» (ከባድ ስህተት) የሚለው መስመር ዋናው ጥፋት ነው፣ ከሥሩ ያሉት አብዛኞቹ የእሱ ተከታዮች ናቸው።