ከጫት ገበያ የመጣ አሥራት

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ በሚገኝ አንድ የወንጌላውያን አጥቢያ በገንዘብ ያዥነት ማገልገል ከጀመርሁ አራት ዓመት ሆኖኛል። ከአባሎቻችን አንዷ ባሏ የሞተባት የሦስት ልጆች እናት ስትሆን የምትተዳደረው ከአወዳይ የሚመጣ ጫት በመቸርቸር ነው። አሥራቷን አስታጉላ አታውቅም፤ ብሮቹ ከእርጥብ ጆንያ ጋር ስለሚውሉ ፖስታዋን ሳልከፍተው በርጥበቱና በቅጠሉ ሽታ እለየዋለሁ። ባለፈው ወር ከሽማግሌዎቻችን አንዱ «ይህ ገንዘብ ወደ ጌታ ቤት መግባት የለበትም» አሉ፤ ሌላው «ጫት በሕግ ያልተከለከለ፣ ግብር የሚከፈልበት ሸቀጥ ነው» ብለው ተከራከሯቸው። የመጀመሪያው ሽማግሌ ግቢያቸው ውስጥ ያለውን ክፍል ለጫት መቃሚያ እንዳከራዩ ሁላችንም ብናውቅም ያነሣው ሰው የለም። ገንዘቡን ልቀበል ወይስ ልመልስ?
ገንዘብ ያዥ፣ ከድሬዳዋ

መልስ፦ ሽማግሌው ያሰቡት ዘዳግም 23፥18ን ይመስለኛል፤ የጋለሞታ ዋጋና የውሻ ዋጋ ለስእለት ወደ እግዚአብሔር ቤት እንዳይገባ የሚከለክለውን ማለቴ ነው። ብዙ ተርጓሚዎች ያንን ሕግ የሚያያይዙት በአረማውያን መቅደሶች ዙሪያ ይፈጸም ከነበረው ዝሙት ጋር ነው፤ ወደ ማንኛውም አጠያያቂ ንግድ እንለጥጠው ካልን ደግሞ ጉምሩክ ያላየውን ጨርቅ የሚሸጠውን ወንድማችንንም አቁመን መጠየቅ ይኖርብናል፣ ይህም በእርስዎ ከተማ ስንት ፖስታ እንደሚያስመልስ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ ማቴዎስ 27፥6 ነው። የካህናት አለቆች ይሁዳ የወረወረውን ሠላሳ ብር ከመቅደሱ ወለል ላይ ለቅመው «የደም ዋጋ ነውና ወደ መባ ሣጥን አይገባም» ሲሉ፣ ያንን ብር ቆጥረው የከፈሉት እነርሱ ራሳቸው እንደ ነበሩ ዘንግተውታል። ለሣጥኑ ንጽሕና የነበራቸው ጥንቃቄ ለሰውየው ደም አልነበራቸውም።

ስለ ቅጠሉም አንድ ነገር ላንሣ። በእኛ በክርስቲያኖች ዘንድ ጫት ብዙ ጊዜ የሚነቀፈው ስለሚያደርሰው ጉዳት ሳይሆን «የእስላም ነው» ተብሎ ነው። ነገሩ የቆየ ነው፤ በ14ኛው መቶ ዘመን የተጻፈው የዐፄ ዓምደ ጽዮን ዜና መዋዕል፣ የይፋቱ እስላም ገዥ ሰብረዲን በንጉሡ መናገሻ ጫት እተክላለሁ ብሎ እንደ ዛተ፣ ምክንያቱም እስላሞች ይህን ተክል ስለሚወዱት እንደ ሆነ ይተርካል። ይሁን እንጂ ቡናም በዚሁ ሚዛን ተመዝኖ ነበር። እስከ 19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ድረስ ብዙ ካህናት ቡና መጠጣትን የእስላም ልማድ አድርገው ይከለክሉ ነበር፤ ክልከላው የላላው ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ቡና በመጠጣታቸውና ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስም የካህናቱን አመለካከት ለመለወጥ በመድከማቸው እንደ ሆነ የታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት ጽፈዋል። ዛሬ ከአምልኮ በኋላ ቡና የማያፈላ አጥቢያ ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። እንግዲህ ማን እንደሚጠቀምበት አይተን የፈረድንበት ነገር ኋላ እንዳሳፈረን ከቡናው ተምረን ከሆነ፣ ጫትን ልንመዝነው የሚገባን በሚሠራው ሥራ ነው።

የሚሠራውንም ድሬዳዋ ላይ ለኖረ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገር ከተቆረጠ በኋላ በሁለት ቀን ገደማ ውስጥ ኃይሉን ስለሚያጣ፣ አይሱዙዎቹ ዳገቱንና ቁልቁለቱን ያን ያህል የሚከንፉት፣ ከተማውም በምሳ ሰዓት ዐይኑን ወደ መንገድ የሚያቀናው ለዚህ ነው። ከቀትር በኋላ ሥራ ይቀዘቅዛል፤ ምርቃናው ሲመጣ ሰው ሁሉ ባለ ዕቅድ ይሆናል፤ ማታ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ፣ ማለትም መጠጥ፣ ይፈለጋል፣ በማግስቱ ሐራራ አለ። በዚህ መካከል የልጆች የደብተርና የዘይት ገንዘብ ያልቃል። የሐረርጌ ገበሬ ስመ ጥሩውን ቡናውን እየነቀለ ጫት የተከለው በዓመት ደጋግሞ ስለሚቆረጥና የተሻለ ስለሚከፍለው እንጂ ልጁ እንዲቅም ተመኝቶ አይደለም፤ ሆኖም ልጁ ይቅማል። ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 6፥12 ሁሉ ተፈቅዶልኛል ካለ በኋላ ምንም ነገር እንዳይሠለጥንበት እንደማይፈቅድ ይናገራል። «በሕግ ያልተከለከለ ነው» ላሉት ሽማግሌ መልሱ እዚህ ጋ ያለ ይመስለኛል፤ መንግሥት ግብር ስለተቀበለበት ብቻ ቤተ ክርስቲያን የምትለው ነገር አያልቅባትም። ስለዚህ እህታችን ንግዷን ብትተወው መልካም ነው እላለሁ፣ ይህንንም አላለዝብም።

ታዲያ መቼና እንዴት ትተወው? የጥንቷ ቤተ ክርስቲያን ይህን ጥያቄ ታውቀው ነበር። በተለምዶ ለጥንቱ የቤተ ክርስቲያን መምህር ለሂጶሊጦስ የሚሰጠውና ሲኖዶስ በተባለው የግእዝ የቤተ ክርስቲያን ሕግጋት መጽሐፍ ውስጥም የሚገኘው «ሐዋርያዊ ትውፊት»፣ ለጥምቀት የሚመጣ ሰው ሥራው ምን እንደ ሆነ እንዲጠየቅ ያዝዛል። ጣዖት የሚሠራ ወይም ሴቶችን ለዝሙት የሚያቀርብ ሰው ሥራውን ካልተወ አይቀበሉትም። ሕፃናትን ዓለማዊ ትምህርት የሚያስተምር ሰው ሲመጣ ግን፣ ትምህርቱ በዚያ ዘመን ከአማልክት ተረት ጋር የተቆራኘ ስለ ነበር ቢተወው መልካም እንደ ሆነ ይነገረዋል፤ ሌላ ሙያ ከሌለው ይፈቀድለታል። እኔ ይህችን አንቀጽ ሳነብ ሁልጊዜ እገረማለሁ። ያን ያህል ጥብቅ የሆነ ሥርዓት የሰውየውን እንጀራ ሳይጠይቅ አላለፈም። የእህታችን ጉዳይ ወደ መጀመሪያዎቹ ሳይሆን ወደዚህ መምህር የሚጠጋ ይመስለኛል፤ አንድ ሰው የእኔን አስተያየት ልል ቢለው አልቀየመውም።

ስለዚህ ለሽማግሌዎቹ የምመክረው ከእሑድ ውጭ ባለ ቀን፣ ገበያው ከመሟሟቁ በፊት፣ ሁለት ሆነው እሷ ዘንድ ሄደው ከጃንጥላዋ ሥር እንዲቀመጡ ነው። በቀን ስንት እንደምታተርፍ፣ ጫቱን በዱቤ ይሁን በእጅ በእጅ እንደምታነሣ፣ የቤት ኪራይዋ ስንት እንደ ሆነ ይጠይቋት። ዱቤ ካለባት ነገ ተነሥታ መተው አትችልም። ሽንኩርትና ቲማቲም ወይም የተቆላ ቡና ለመጀመር ስንት መነሻ እንደሚያስፈልግ፣ የመጀመሪያዎቹን ወራት ኪሳራ ማን እንደሚሸፍን አብረው ያስሉ፤ ሒሳቡ ላይ እርስዎ ቢገኙ ይጠቅማል። አጥቢያው ይህን ወጪ ለመጋራት ካልተዘጋጀ ንግድሽን ተዪ ለማለት አፉ ይያዛል፤ ያዕቆብ 1፥27 ባልቴቶችን በመከራቸው መጠየቅን ንጹሕ አምልኮ ሲል ይህን መሰል ድካም ማለቱ ነው። በኤፌሶን ጥንቆላ ያደርጉ የነበሩት አምሳ ሺህ ብር የሚያወጡ መጻሕፍታቸውን ያቃጠሉት (ሐዋርያት ሥራ 19፥19) ቃሉ ራሳቸውን ስለ ነካቸው እንጂ የገንዘብ ያዥ ደብዳቤ ደርሷቸው አልነበረም።

ወደ ፖስታው ልመለስ። ይቀበሉት፣ እንደ ሌላው ሁሉ በስሟ መዝግበው ደረሰኝ ይስጧት። ሽማግሌዎቹ ግን ጉዳዩ እስኪወሰን ገንዘቡ ለብቻው ይቀመጥ ካሉ፣ ከበርጫው፣ ማለትም ከመቃሚያው፣ ቤት ኪራይ የሚመጣው አሥራትም አጠገቡ እንዲቀመጥ በዚያው ስብሰባ ላይ ይጠይቁ፤ ጥያቄዎም በቃለ ጉባኤ ይያዝልዎ።